ኦዴት ጋኞን ያልሞላችው ካርድ

ኦዴት ጋኞን የፕሬዝዳንትነት ዕጩ ለመሆን የሚሻሙትን አምስት ሰዎች ከጥቅምት ጀምሮ በየጠዋቱ በተማሪ አውቶቡሷ ጭና ስታንሸራሽራቸው ከረመች። እነሱ ይህን አያውቁም። እኛ የዌስት ሃርሎው ሰዎች ያወቅነው ኦዴት ለልጅ ልጇ ለኮሌት ስለነገረቻት፣ ኮሌት ደግሞ ፀጉሯን ስትሠራ ስላወራችው ነው። እኛ ከተማ ፀጉር ቤት የተወራ ነገር ከቴሌቪዥን ቀድሞ ይደርሳል፤ ማስታወቂያም የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገና ጨለማ ነው፣ አውቶቡሱም ባዶ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ እስኪገባ ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ሐይቁ በርዶ ነጭ ሜዳ ሆኗል። ጉሙ ከላዩ ቀስ ብሎ ይነሣና እንደ ሰው መንገዱን ያቋርጣል፣ የአውቶቡሱ መብራት ጉሙ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። በዚያ ሃያ ደቂቃ ኦዴት ከራሷ በላይ ወዳለው ሰፊ መስታወት ቀና ስትል አምስቱም ተቀምጠዋል። አገረ ገዢው ከመጨረሻው ወንበር ማስቲካ ያላምጣል። ሴናተሯ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የቤት ሥራዋን እንደጨረሰች ተማሪ ከፊት ናት። ጄኔራሉ ዱላ የዋጠ ይመስል ቀጥ ብሏል። ነጋዴው ለብቻው ሁለት ወንበር ይዟል። ከንቲባው በመስኮቱ ጭጋግ ላይ በጣቱ ስሙን ይጽፋል።

«አገረ ገዢ፣ ማስቲካውን ትፋ» ትለዋለች።

ይተፋል።

ከዚያ ጥያቄዋን ትጠይቃቸዋለች። ማንም አይመልስም፣ ሁሉም መስኮት መስኮቱን ያያል። ወዲያው ኩርባው ጋ ፋኖስ የያዘች ትንሽ ልጅ ቆማ ትታያለች፣ በሩ ይከፈታል፣ «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ጋኞን» ትልና ሄዳ ጄኔራሉ ላይ ትቀመጣለች። ሕልሙ በዚህ ያበቃል።

ኦዴት ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ አንዱን ያሳለፈችው በዚያ ወንበር ላይ ነው። ወላጆቿ ከካናዳ ወርደው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ሲሠሩ ያረጁ ናቸው። ፋብሪካው አሁን የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሆኗል፣ እናቷ የቆመችበት ማሽንም በሩ አጠገብ ለጌጥ ተተክሏል። ባሏ አርማንድ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። የሐይቁን በረዶ ቆፍሮ ዓሣ ሲያጠምድ ልቡ ቀጥ አለ። ዓሣው ግን ተይዞ ነበር፤ ኦዴት ይህን ሳትጨምር ታሪኩን አትጨርስም።

የከተማችን ግማሽ ሰው፣ የፖሊስ አዛዡን ጨምሮ፣ በእሷ መስታወት ሥር ያደገ ነው። ኦዴት ጮሃ አታውቅም። አንድ ልጅ ወንበር ከቀደደ ወይም የጓደኛውን ባርኔጣ በመስኮት ከወረወረ፣ አውቶቡሱን ዳር ታቆምና ሞተሩን ሳታጠፋ መስታወቱን ታያለች። አንድ ቃል አትናገርም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጥፋተኛው እጁን ያወጣል። አዛዡ እስከ ዛሬ ሌባ የሚመረምረው በዚህ ዘዴ ነው ይባላል፤ ለእሱ ግን አልሠራለትም።

እንግዲህ እኛ ኒው ሃምፕሻየሮች፣ ከሀገር ሁሉ ቀድመን የየፓርቲውን ዕጩ የምንመርጥበት ቅድመ ምርጫ ሲመጣ እንቀብጣለን። ዕጩ ማለት ለእኛ በቴሌቪዥን የሚታይ ሰው አይደለም፤ መጥቶ እጃችንን መጨበጥ አለበት። አንድ ጊዜ የጨበጠንን ገና አልተዋወቅነውም። ሁለት ጊዜ የጨበጠንን እያሰብንበት ነው። ሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው እንላለን። ከሁሉም በላይ የሚከበረው ፓርቲ የሌለው፣ ገና ያልወሰነ ሰው ነው። እሱን ሁሉም ይለማመጠዋል፣ ቤቱ ድረስ ዶናት ይዘው ይመጣሉ። ወሰንኩ ባለ ማግስት ስልኩ መጥራት ያቆማል። ስለዚህ ማንም አይቸኩልም።

ኦዴት ዕድሜዋን ሙሉ ፓርቲ የለሽ ነኝ ስትል የኖረች ናት። የቴሌቪዥን ጣቢያው አምስቱ የአንድ ፓርቲ ተወዳዳሪዎች ከሚከራከሩበት አዳራሽ ውስጥ ተነሥተው የሚጠይቁ አምስት ፓርቲ የለሽ መራጮች እንደሚፈልግ ሲያስታውቅ፣ በኅዳር ወር ጥያቄዋን ጽፋ ላከች። ጥያቄው እነሆ፦ «ሌሊት ምጥ ቢመጣ፣ በረዶ ቢጥል፣ ማዋለጃው ሃምሳ ስምንት ማይል ቢርቅ፣ ከአምስታችሁ ማን ነው የሚነዳው?»

ቀልድ አልነበረም። የአካባቢያችን ማዋለጃ ክፍል አያዋጣም ተብሎ ባለፈው ጸደይ ተዘግቷል። ኮሌት ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ በጎረቤታችን በሜይን ግዛት ጫካ ውስጥ ግንድ ይጭናል፤ ቤቱ የሚገባው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ምጥ ደግሞ ቅዳሜን አይጠብቅም። ኦዴት ይህን ጥያቄ ሀገር በሚሰማበት ቦታ ካልጠየቀች ማንም እንደማይጠይቀው ታውቃለች። ከተማችን ውስጥ ያለነው ሰዎች ማዋለጃ የምንፈልግበትን ዕድሜ አልፈናል፤ የምናወራው ስለ ጉልበታችን ነው።

ጥያቄዋ ተመረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኦዴት እግር መሬት አልነካም። ሰማያዊ ሹራብ ገዛች፤ አንድ ሰው ሰማያዊ የአንደኛው ፓርቲ ቀለም ነው ሲላት መለሰችና ቀይ ገዛች፤ ቀይም የሌላው ነው ሲሏት ግራጫ ይዛ ገባች። ስትነዳ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልጆቹ «ወይዘሮ ጋኞን እየጸለዩ ነው» ብለው ለወላጆቻቸው ተናገሩ፣ ወላጆች ደግሞ ፍሬኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብለው ሠጉ።

የክርክሩ ዕለት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ልጆቹን አድርሳ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጣቢያው ፓርቲ የለሽ ስለመሆኗ ከመዝገቡ ማስረጃ እንድታመጣ ጠይቋታል። የከተማው ጸሐፊ ዊኒ አብራት የተማረች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። መዝገቡን ገለጠች፣ መልሳ ከደነች፣ እንደገና ገለጠች።

«ኦዴት፣ እስቲ ተቀመጪ።»

«ምነው? ሞቼ ነው?»

«ሞተሽ ቢሆን ይሻል ነበር፤ እሱን ማስተካከል ቀላል ነው። አንቺ ፓርቲ አለሽ።»

«ምን አለኝ?»

«ፓርቲ። አራት ዓመት ሆነሽ። ያውም የዛሬ ማታ ተከራካሪዎቹ ፓርቲ አይደለም፣ የሌላኛው።»

ኦዴት ሳቀች። ዊኒ ግን አልሳቀችም።

ሕጋችን እንዲህ ነው፦ ፓርቲ የለሽ ሰው በቅድመ ምርጫ ቀን ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱን ወረቀት ወስዶ ይመርጣል። በዚያች ደቂቃ የዚያ ፓርቲ አባል ይሆናል። ሲወጣ በር ላይ ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ ትንሽ ካርድ ሞልቶ ሲፈርም እንደገና ፓርቲ የለሽ ይሆናል። እኛ ለሦስት ደቂቃ አባል ሆነን የምንወጣ ሕዝብ ነን። ካርዱን ካልሞላህ ግን አባል እንደሆንክ ትቀራለህ።

«እኔ ካርዱን ሳልሞላ ወጥቼ አላውቅም!» አለች ኦዴት።

«ወጥተሻል። አራት ዓመት ወደ ኋላ አስቢ። ድምፅ የሰጠሽበት የትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ፣ ከበሩ በስተቀኝ የካርዱ ጠረጴዛ። በስተግራስ ምን ነበር?»

ኦዴት አሰበች። እናቶች ለተማሪዎች ጉዞ ገንዘብ ለማሰባሰብ ኬክ ይሸጡ ነበር። ትዝ አላት፤ ገና ትኩስ የሆነ፣ ቀረፋው እስከ ድምፅ መስጫው ድረስ የሚሸት የፖም ኬክ።

«ወደ ግራ ዞርኩ» አለች በቀስታ።

«ወደ ግራ ዞርሽ።»

«የማን ኬክ ነበር?»

ዊኒ መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አውርዳ ጠረገች። «የእኔ» አለች። «በዚያ ኬክ ስድስት ፓርቲ የለሽ ነው ያጣነው። ካለፈው ወዲህ ኬኩን ከካርዱ ኋላ ነው የማስቀምጠው።»

«አሁን ልሙላው በይ፣ አምጪው።»

«የሚሞላበት ጊዜ በጥቅምት አልፏል፣ ኦዴት። ዛሬ ማታ መጠየቅም፣ ማክሰኞ በቅድመ ምርጫው እነሱን መምረጥም አትችይም። ምን ላድርግሽ፣ ኬኩን መልሺ ልበልሽ?»

ኦዴት አውቶቡሷ ውስጥ ገብታ ብዙ ተቀመጠች። በረዶ መጣል ጀምሯል፣ እየተንሳፈፈ፣ መውረዱን ራሱ ያልወሰነ ይመስላል። የጣቢያው ቅጽ እጇ ላይ ነው። «ፓርቲ የለሽ ነኝ» የሚል መስመር አለው፣ ጎኑም ባዶ ሳጥን። ማስረጃውን ቤት ረሳሁት ብትል፣ ሳጥኑን ምልክት ብታደርግ፣ በግርግር ውስጥ ማን ያጣራል? ሃያ ቃል አትሞላም፤ ተናግራ ትቀመጣለች። እስክሪብቶውን አነሣች። ሳታስበው ወደ መስታወቱ ቀና አለች። አምስቱ ተቀምጠዋል። በዚያን ቀን ግን መስኮት መስኮቱን አላዩም፤ እሷን ነበር የሚያዩት። ዝም ብለው፣ እንደምትጠብቃቸው ሆነው ጠበቋት።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ስልኳን አውጥታ ወደ ጣቢያው ደወለች።

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ወጣትና ደግ ሴት ነበረች። «ወይዘሮ ጋኞን፣ ልቤን ሰበሩት» አለቻት። «ጥያቄዎን እኮ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ግን ደንብ ነው። ከእርስዎ ከተማ ተጠባባቂ አለን፤ እሱ ከፈለገ የእርስዎን ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል፣ የራሱም ጥያቄ ጸድቆለታል። ምርጫው የሱ ነው።»

«ተጠባባቂው ማን ነው?»

«አቶ አልደን ፓይፐር።»

ኦዴት ስልኩን ዘጋችና ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ። ዊኒ በመስኮት ብቅ አለች።

አልደን ፓይፐር ሠላሳ ዓመት የከተማችንን መንገድ በበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲጠርግ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መንገድ ዳር የተተከለውን የኦዴትን የፖስታ ሳጥን ከነግንዱ ነቅሎ፣ እስከ ድልድዩ ገፍቶ ወሰደው፤ የተገኘው ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው በመኪና መብራት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ከአልደን የበለጠ ያልወሰነ ሰው በክልላችን አይገኝም። ባለፈው ምርጫ ድምፅ መስጫው ውስጥ አርባ ደቂቃ ቆመ። ዊኒ መጋረጃውን አንኳኩታ «አልደን፣ አለህ?» ስትለው «እያሰብኩ ነው» አላት። በኋላ ወረቀቱን ባዶውን መለሰ። ለማን ነበር ሲሉት «ተቃርቤ ነበር» አለ።

ኦዴት ጋራዡ ውስጥ መጋዝ ሲሞርድ አገኘችው።

«አልደን።»

«ኦዴት።»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ረጅሙ ንግግራቸው ይህ ነበር።

«ቦታዬን ሰጡህ አሉ።»

«ደወሉ።»

«ጥያቄህ ምንድን ነው?»

«ጨው።»

«የምን ጨው?»

«በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው። የመኪና ሆድ ይበላል። ዛፎቹንም ጨረሰ።»

«ሀገር በሙሉ እያየህ ስለ ጨው ልታወራ?»

አልደን ሞረዱን አቆመ። በመንገዱ ዳር የቆሙትን፣ ጫፋቸው የደረቀውን ዛፎች በክፍት በሩ አያቸው። «ሠላሳ ዓመት የበተንኩት እኔ ነኝ» አለ።

 በጋራዡ በር በረዶው እየገባ እግራቸው ሥር ይቀልጣል።

«ኮሌትን ታውቃታለህ» አለችው በመጨረሻ። «ሦስት ሳምንት ነው የቀራት። የእኔን ጠይቅልኝ። ሃያ ቃል አይሞላም።»

«ሃያ ቃል ብዙ ነው።»

«የፖስታ ሳጥኑን ነገር እተውልሃለሁ።»

«መንገድ ውስጥ ነበር።»

«አልደን!»

«አስብበታለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክወስን።»

አልደንን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ቢያለቅስ አይፈረድበትም።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹን በየቤታቸው አድርሳ ስትመለስ የግቢዋ መግቢያ ተጠርጓል። ጥርት ተደርጎ፣ እስከ ደረጃው። ኦዴት አውቶቡሱን አቁማ አየችው። ከዚያ የፖስታ ሳጥኗን ፈለገች፤ በረዶው በሙሉ እሱ ላይ ተከምሯል፣ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው። ይህ እሺ ነው ወይስ እንቢ? ቆማ ብዙ አሰበች፣ አልገባትም።

ኮሌት ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ የሾርባ ሳህኗን ሆዷ ላይ አስቀምጣ ትበላለች።

«አያቴ፣ አልቅሰሻል እንዴ?»

«ንፋስ ነው።»

«ንፋስ? መስኮቱ ተዘግቷል እኮ።»

«ከውጪ ይዤው ገብቼ ነው። አንቺ ሾርባሽን ብዪ።»

ኮሌት ወሬውን ቀድማ ሰምታለች፤ ዊኒ ፀጉር ቤት ስትደውል እዚያ ነበረች። ሳህኗን ይዛ ቀና አለች። «አልደን ባይጠይቀውስ?»

«እኔ እነዳሻለሁ።»

«በተማሪ አውቶቡስ?»

«ምን አለው? የፖሊስ አዛዡ ያደገበት ነው።»

«ለዚህ ነዋ የምፈራው» አለች ኮሌት፣ ሳቀችም፣ ሳህኑም ሆዷ ላይ ዘለለ። ከውስጥ የተመታ ይመስል ነበር፤ ምናልባትም ተመቷል።

ክርክሩ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የኮሌጁ አዳራሽ ጋ መኪና ማቆሚያ ስለማይበቃ ሕዝቡን የሚያመላልሱት የተማሪ አውቶቡሶች ናቸው። ኦዴት አዳራሽ ትገባለች ተብሎ ሌላ ሹፌር ተመድቦላት ነበር፤ ደውላ መሪዬን መልሱልኝ አለች። ግራጫ ሹራቧን ለብሳ ተቀመጠች። አርባ የከተማችን ሰዎች የትምህርት ቤት ልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተጣበቁ፣ እንደ ድሮው ከኋላ መሳሳቅ ጀመሩ፣ ኦዴት መስታወቱን ስታይ ጸጥ አሉ። አልደን በመጨረሻ ገባና ከጀርባዋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከረባት አስሯል። ከረባቱ ከዚህ በፊት በቀብር ላይ ብቻ የታየ ነው።

መንገዱ ነጭ ነው፣ ሰማዩም ነጭ ነው፣ አውቶቡሱ በሁለቱ መካከል እየዋኘ ሄደ። በየመታጠፊያው የዕጩዎች ስምና ፎቶ ያለባቸው ሰሌዳዎች እስከ አንገታቸው በበረዶ ተቀብረዋል፤ የአገረ ገዢው ግን ግንባሩ ብቻ ይታያል። ከኮረብታው ማዶ ሐይቁ በጨለማ ውስጥ ያበራ ነበር፣ ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ ብርሃን። ኦዴት በየአፍታው መስታወቱን ታያለች። የአልደን ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ማዋለጃ ይበል ጨው፣ ከከንፈሩ መለየት አልቻለችም።

አዳራሹ በር ላይ መብራቱ ቀን መስሏል፤ ሰሌዳ ያነሡ ሰዎች በብርድ እየዘለሉ የየዕጩዎቻቸውን ስም ይጠራሉ። ሁሉም ወረደ። አልደን ደረጃው ላይ ቆሞ ዞረ። 

«ሁለተኛ ማርሽሽ ያንኳኳል» አላትና ወረደ።

አውቶቡሱን ከዛፎቹ ሥር አቆመችው። ሞተሩን አላጠፋችም፤ ማሞቂያው መሥራት አለበት። ሬዲዮኑን ከፈተች። ጭብጨባው ከሬዲዮኑም ከአዳራሹም እኩል ይመጣል፣ አንዱ የሌላው ማሚቶ ይመስላል። በረዶው መስኮቶቹን አንድ በአንድ ሸፈናቸው፣ አውቶቡሱም ውስጡ ብቻ የቀረ ዓለም ሆነ። ቀና አለች። አምስቱ ገብተዋል፤ ማን በሩን እንደከፈተላቸው እንጃ። አገረ ገዢው ማስቲካ አልያዘም። ነጋዴው አንድ ወንበር ብቻ ነው የያዘው።

«የመጀመሪያ ጥያቄያችን ከዌስት ሃርሎው ነው» አለ ሬዲዮኑ። «አቶ አልደን ፓይፐር፣ ይቀጥሉ።»

ዝም ሆነ። ጋዜጠኛው «አቶ ፓይፐር?» አለ። አሁንም ዝም። ኮሌት ሶፋው ላይ፣ ዊኒ ጽሕፈት ቤቷ ውስጥ፣ እኛም ከተማ የቀረነው በየቴሌቪዥናችን ፊት፣ አርባ ደቂቃ ሊቆም ነው ብለን ፈራን።

«ጥያቄ ነበረኝ» አለ አልደን። «ስለ ጨው። በደብዳቤ እልክላችኋለሁ።»

ሰው ሳቀ። እሱ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ይሄኛው የእኔ አይደለም። አውቶቡስ የምትነዳው ሴት ጥያቄ ነው። ኬክ ገዝታ ስለነበር ደጅ ቀርታለች። እኔ ሠላሳ ዓመት በረዶ ጠርጌያለሁ። ሌሊት ምጥ ቢመጣ፣ ማዋለጃው ሃምሳ ስምንት ማይል ቢርቅ፣ መንገዱን እኔ ወጥቼ እጠርጋለሁ። በፊትም ጠርጌያለሁ። መኪናውን ግን ከአምስታችሁ ማን ነው የሚነዳው?»

ከዚያ ሬዲዮኑ ዝም አለ። አዳራሹም ዝም አለ። ኦዴት በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች፤ በዚህኛው ጊዜ ንፋስ ነው ብላ የምትነግረው ሰው አልነበረም። እጇን ዘርግታ መስታወቱን ትንሽ ወደ ታች አዘነበለች፣ ከኋላ የተቀመጠው እንዲታይ፣ አምስቱም አንድ ላይ እንዲታዩ።

ሞተሩ ይሠራል። አንድም ቃል አልተናገረችም። ማን እጁን እንደሚያወጣ እያየች ጠበቀች።